«ስንት ሳይቴሽን ይበቃል?» ለምትሉኝ የማቴሪያል ሰዎች

በየሳምንቱ ማለት ይቻላል አንድ ሰው በቴሌግራም ይጽፍልኛል። አንዱ ታይፔ ነው፣ አንዷ ሴኡል፣ አንዱ አኸን፣ ሌላው እዚያው አዳማ። ጥያቄው ግን ያው ነው፤ «ለኤን አይ ደብሊው ስንት ሳይቴሽን ይበቃል?» ኤን አይ ደብሊው ያለ ቀጣሪ ራስ ለራስ የሚመለከትበት የአሜሪካ ግሪን ካርድ መንገድ ነው፤ ሳይቴሽን ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች ጽሑፋችሁን የጠቀሱበት ብዛት። አንዳንዱ የጎግል ስኮላር ገጹን ስክሪንሹት አድርጎ ይልክና «በዚህ ያልፋል?» ይለኛል። በድምፅ መልእክት ስመልስ ሁሌም ግማሹ ይቀራል። ስለዚህ መልሴን አንዴ እዚህ ልጻፈው።

የሚበቃ ቁጥር የለም። ሕጉም ላይ የለም፣ መመሪያውም ላይ የለም። በመቶዎች የሚቆጠር ሳይቴሽን ይዘው ውድቅ የተደረገባቸውን አውቃለሁ፣ ከዚያ በጣም ባነሰ ያለፉም አሉ። የኢሚግሬሽን ኦፊሰሩ ፋይላችሁን ሲከፍት መጀመሪያ የሚፈልገው ጉብዝናችሁን አይደለም። መጀመሪያ ማወቅ የሚፈልገው እዚህ አሜሪካ ምን ልትሠሩ እንዳሰባችሁና ያ ሥራ ከእናንተና ከቀጣሪያችሁ አልፎ ለማን እንደሚጠቅም ነው። ጉብዝናው ከዚያ በኋላ ይመጣል። የእኛ ልጆች ደግሞ ስለ ጉብዝናቸው 20 ገጽ ይጽፉና ስለሚሠሩት ሥራ ሦስት መስመር ጽፈው ያልፋሉ። የሚወድቁትም እዚያ ላይ ነው።

እኔ የማጠናው የብረት ዝገት ነው። ግሪን ካርዴን ያገኘሁት በዚሁ መንገድ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የጓደኛና የጓደኛ ጓደኛ ማመልከቻ ሳነብ ብዙ ቅዳሜ አልፏል። ጠበቃ አይደለሁም። የምጽፈውም ለሁሉም ሙያ ሳይሆን ለማቴሪያል ሰው ነው፤ ብረት፣ ሴራሚክ፣ ፖሊመር፣ ሲሚንቶ፣ ባትሪ፣ ኮምፖዚት ላይ ለምትሠሩ። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ነገሩን ጨርሶ ላልሰማ ሰው ከመጀመሪያው ልነሳ። ዲቪን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ኦክቶበር ሲደርስ ፎቶ ቤቱና ኢንተርኔት ቤቱ በር ላይ «ዲቪ እንሞላለን» ይለጠፋል፣ እናት ለልጇ ትሞላለች፣ ሦስተኛ ዲግሪ ያለው መምህርም ከተማሪው ጋር አብሮ ይሰለፋል። ዲቪን ያመጣው በ1990 የወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ነው። ያው ሕግ ነው ኢቢ 2 የሚባለውን ምድብም ያቋቋመው፤ ማስተርስና ከዚያ በላይ ለተማሩ፣ ወይም የመጀመሪያ ዲግሪና አምስት ዓመት የሙያ ልምድ ላላቸው። እዚያው ውስጥ ሥራው ለሀገር የሚጠቅም ከሆነ ቀጣሪ የማቅረቡ ግዴታ ሊነሳ ይችላል የሚል አንቀጽ አለ። ኤን አይ ደብሊው የምንለው ይህንን ነው። ዲቪ በዓመት ቢበዛ 55 ሺህ ቪዛ ነው። በሥራ በኩል ያለው ግን ቤተሰብን ጨምሮ ወደ 140 ሺህ ነው። ታዲያ ለምንድነው በጠባቡ በር ላይ ብቻ የምንጋፋው? ለዓመታት ዲቪ እየሞላ ዕጣ ሲጠብቅ የኖረ የሴራሚክ ዶክተር አውቃለሁ። ሌላ መንገድ መኖሩን የነገረው ሰው አልነበረም። ይሄ ያንገበግበኛል፣ እውነቴን ነው። አሁን ደግሞ ዲቪው ራሱ ዲሴምበር 2025 ላይ እንዲቆም ትዕዛዝ ወጥቶበታል።

በኢቢ 2 መደበኛው አካሄድ ቀጣሪ ይፈልጋል። ቀጣሪው ማስታወቂያ ያወጣል፣ ለቦታው ብቁ አሜሪካዊ እንዳልተገኘ ለሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ያረጋግጣል፣ ከዚያ ስለ እናንተ ያመለክታል። ኤን አይ ደብሊው ይህን ሁሉ ያስቀረዋል። ራሳችሁ ለራሳችሁ ታመለክታላችሁ፣ ፎርሙ አይ-140 ይባላል፣ ስትሞሉት የግድ አሜሪካ ውስጥ መሆን የለባችሁም። ከጅማም ሆናችሁ ማስገባት ይቻላል።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። አይ-140 መጽደቁና ግሪን ካርድ ማግኘት አንድ አይደሉም። ከጸደቀ በኋላ ወረፋ አለ፣ ወረፋው በየወሩ በሚወጣው የቪዛ ቡለቲን ላይ ይታያል። ወረፋው የሚቆጠረው በዜግነት ሳይሆን በትውልድ ሀገር ነው፤ ኢትዮጵያ የተወለደ ሰው እንደ ህንድና ቻይና ተወላጆች የተለየ ረጅም ወረፋ የለበትም። አሜሪካ ውስጥ ያለ ሰው ወረፋው ሲደርስ እዚያው የግሪን ካርድ ፎርሙን፣ አይ-485ን፣ ይሞላል። ውጭ ያለ ሰው ኤምባሲ ይቀርባል። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ አሜሪካ ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ75 ሀገራት ዜጎች የመኖሪያ ቪዛ መስጠቷን አቁማለች። አዲስ አበባ ያላችሁ ይህን እያወቃችሁ ግቡበት። ማመልከቻውን ማስገባት ይቻላል፣ ቀኑም ይያዝላችኋል፣ የኤምባሲው በር እስኪከፈት ግን ትጠብቃላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ማመልከቻው የሚመዘንበት መስፈርት የመጣው ዲሴምበር 2016 ላይ ከተሰጠ አንድ ውሳኔ ነው፤ የዳናሳር ውሳኔ ይባላል። አመልካቹ የኤሮስፔስ ተመራማሪ ነበር፣ ከድምፅ ፍጥነት በብዙ እጥፍ የሚበር ነገር የሚገፋበትን ሞተር የሚያጠና። ከዚያ በፊት የነበረው የ1998 መስፈርት በጣም ስለሚያሻማ አንዱ ኦፊሰር የሚያሳልፈውን ሌላው ይጥለው ነበር። የዳናሳር ውሳኔ ሦስት ጥያቄ አስቀመጠ። ልትሠሩ ያሰባችሁት ሥራ ዋጋ ያለውና ለሀገሪቱ የሚያስፈልግ ነው? እናንተስ ያንን ሥራ ወደፊት ለማራመድ የምትችሉ ናችሁ? ሁሉም ተደምሮ ሲታይ ቀጣሪ አምጡ ሳይባል ብትገቡ አሜሪካ ትጠቀማለች?

በዚህ ውሳኔ ውስጥ ብዙ ሰው ዘሎት የሚያልፍ ነገር አለ፣ ለእኛ ደግሞ እሱ ነው ዋናው። አመልካቹ ዳናሳር ምርምርም ማስተማርም አቅርቦ ነበር። ምርምሩን ተቀበሉት። ማስተማሩን ግን መልካም ሥራ ነው፣ ነገር ግን ከሚያስተምራቸው ተማሪዎች አልፎ የሀገሪቱን የሳይንስ ትምህርት እንደሚለውጥ አላሳየህም አሉት። ከእኛ መካከል በጅማ፣ በአዳማ፣ በባሕር ዳር ለዓመታት ያስተማረ ሰው ብዙ ነው። ማመልከቻው ሲጻፍም ማስተማሩ ከፊት ይመጣል፣ ስንት ኮርስ እንደሰጠ፣ ስንት ተማሪ እንዳማከረ። ክቡር ሥራ ነው፣ እኔም የተማርኩት በእነሱ ነው። ለዚህ ማመልከቻ ግን ከኋላ መቀመጥ አለበት፤ መቻላችሁን ከሚያሳዩት ነገሮች አንዱ ይሁን እንጂ አሜሪካ መጥቼ የምሠራው ብላችሁ አታቅርቡት።

ባለፈው አንድ ጓደኛዬ ረቂቁን ይዞ ቤት መጣ። በኮንክሪት ውስጥ ባለ ብረት ላይ ነው የሚሠራው። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይል ነበር፤ «በናኖ ማቴሪያሎች ላይ የማደርገውን ምርምር በመቀጠል ለአሜሪካ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዕድገት የበኩሌን አስተዋጽኦ አደርጋለሁ።»

«ናኖው ምን ያደርጋል?» አልኩት።

«ብረቱ ላይ ይቀባል። በክረምት መንገድ ላይ ጨው ይነሰነስ የለ? ጨዉ በኮንክሪቱ ሰርጎ ገብቶ ብረቱን እንዳይበላው ነው።»

«ታዲያ ይሄንን ለምን አልጻፍከውም?»

«ተራ ነገር መሰለኛ።»

ተራ ነገር! በረዶ የሚጥልበትን የአሜሪካ ግዛት ሁሉ የሚያስጨንቅ ጉዳይ ነው። ድልድይ ከውስጥ ሲዝግ ብረቱ ያብጣል፣ ኮንክሪቱን ይሰነጥቀዋል፣ ከላይ ለሚነዳ ሰው ግን ምንም አይታየውም። እስከ ማታ ተቀምጠን አንቀጹን እንደገና ጻፍነው። ምን ዓይነት ሽፋን እንደሚሠራ፣ በየትኛው ብረት ላይ እንደሚሞክረው፣ ዝገት በላብ በሚፈተንበት የጨው ጭጋግ ሳጥን ውስጥ የተገኘው ውጤት እውነተኛ ድልድይ ላይ እንዴት እንደሚፈተሽ፣ ውጤቱን ለየትኞቹ የመንገድ መሥሪያ ቤቶች እንደሚያቀርብ። «ናኖ» የሚለው ቃል አንዴ ብቻ ቀረ፣ እሱም የሚገባው ቦታ ላይ።

ከዚያ ማስረጃው ይመጣል። በዝገት በኩል የሚጠቀስ ነገር ሞልቷል። ዲሴምበር 15 ቀን 1967 ኦሃዮንና ዌስት ቨርጂኒያን የሚያገናኘው ሲልቨር ብሪጅ ሰዎች ከሥራ በሚመለሱበት ሰዓት ወንዙ ውስጥ ወደቀ፣ 46 ሰው ሞተ። ሲመረመር ድልድዩን ካንጠለጠሉት የብረት ዘንጎች አንዱ ላይ ሁለት ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ጥልቀት ያለው ስንጥቅ ተገኘ፤ ዝገትና ጭነት ተረዳድተው ያሳደጉት። አሜሪካ ድልድዮቿን በሀገር አቀፍ ደረጃ መመርመር የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው። ፍሊንትን ደግሞ ሁላችንም እናስታውሳለን። በ2014 የከተማው ውሃ ምንጭ ተቀየረ፣ አዲሱ ውሃ ቧንቧውን እንዳይበላ የሚጨመረው ፎስፌት ሳይጨመር ቀረ፣ ከአሮጌ ቧንቧዎች የወጣው እርሳስ በሕፃናት ደም ውስጥ ተገኘ። የዝገት ኬሚስትሪ የሚባለው ይሄው ነው። በ2002 የአሜሪካ የአውራ ጎዳና አስተዳደር ያሳተመው ጥናት ዝገት ሀገሪቱን በዓመት 276 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያስወጣት አስልቷል፤ ከጠቅላላ ምርቷ 3.1 በመቶ ማለት ነው። የእኛ ሰው ይህን ሁሉ ትቶ «ሥራዬ 85 ጊዜ ተጠቅሷል» ብሎ ይጀምራል።

ለሌላውም እንደዚሁ ነው። የባትሪ ሰዎች፣ በተለይ ታይዋን ያላችሁ፣ ብዛታችሁን አውቃለሁ፤ ታይፔ ባለው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የባትሪ ላብ ውስጥ አማርኛ ሳይሰማ የሚውልበት ቀን ያለ አይመስለኝም። «የሊቲየም ባትሪ አሻሽላለሁ» ብቻ አትበሉ። ምኑን? ኤሌክትሮላይቱ እሳት እንዳይዝ ነው? ኮባልት እንዲቀንስ ነው? ሊቲየሙ ቻርጅ ሲደረግ መርፌ መርፌ እየሆነ አድጎ ባትሪውን እንዳያበላሽ ነው? ሦስቱ ሦስት የተለያየ ማመልከቻ ነው። ሲሚንቶ ላይ ያላችሁም በቂ ነገር አላችሁ፤ ከዓለም የካርቦን ልቀት ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው ከሲሚንቶ ነው የሚባለው። የሲሚንቶውን ዋና ግብዓት፣ ክሊንከሩን፣ በተቃጠለ ሸክላና በኖራ ድንጋይ መተካት ላይ የሠራ ሰው እንዴት ጉዳዬ ለሀገር አይጠቅምም ብሎ ይፈራል?

ሌላ የምትይዙት ነገር አለ። ዋይት ሀውስ ለሀገር ደኅንነት ወሳኝ ያላቸውን ቴክኖሎጂዎች ዝርዝር ያወጣል። የፌብሩዋሪ 2024ቱ ዝርዝር ላይ የላቁ የምህንድስና ማቴሪያሎች ራሳቸውን ችለው አንድ ርዕስ ሆነው ተቀምጠዋል፤ የማቴሪያልን ባሕርይ በኮምፒውተር ቀድሞ መንደፍ፣ አዲስ ባሕርይ ያላቸው ማቴሪያሎች፣ ባሕርይን የመለኪያ አዳዲስ ዘዴዎች እያለ ይዘረዝራል። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱም ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ በመመሪያው ኦፊሰሮች እንዲህ ያሉ ዝርዝሮችን እንዲያዩ ነግሯቸዋል። ሥራችሁ የትኛው መስመር ላይ እንደሚያርፍ በስሙ ጥቀሱት። ዝርዝሩ ላይ መኖሩ ብቻውን ግን አያሳልፍም። ጃንዋሪ 2025 ላይ መመሪያው ሲታደስ ይህ በደንብ ጠብቋል፤ መስኩ ጠቃሚ ነው ማለት አይበቃም፣ እናንተ ልትሠሩት ያሰባችሁት ሥራ ራሱ ጠቃሚ መሆኑ መታየት አለበት፣ ዲግሪያችሁም ከሥራው ጋር መገናኘት አለበት። በ2022 አብዛኛው ሰው ያልፍ ነበር። ከዚያ ወዲህ ውድቅ የሚደረገው በጣም ጨምሯል። የዛሬ አራት ዓመት ያለፈ ሰው ፋይል ለምናችሁ ከላከላችሁ እንደ መነሻ አንብቡት እንጂ አትቅዱት።

ስለ ድጋፍ ደብዳቤ ደግሞ። ፕሮፌሰሮች ሥራ ስለሚበዛባቸው «ጽፈህ አምጣ፣ ፈርሜ እሰጥሃለሁ» ይላሉ። ያለ ነገር ነው። ችግሩ እኛ ስንጽፈው ስድስቱንም ደብዳቤ በአንድ እጅ እንጽፈዋለን፤ ሁሉም ላይ «ከጥቂቶቹ ድንቅ ተመራማሪዎች አንዱ» ይላል። በቀን ስንት ፋይል የሚያነብ ሰው ይህን አያውቅም ብላችሁ ታስባላችሁ? ከአማካሪያችሁ የመጣ ደብዳቤ ይጠቅማል፣ ክብደቱ ያለው ግን ከማያውቃችሁ ሰው በመጣው ላይ ነው። ካነበብኳቸው ሁሉ የማልረሳው የአንድ የቧንቧ መስመር መሐንዲስ ደብዳቤ ነው። ግማሽ ገጽ እንኳ አይሞላም። አመልካቿን በአካል አያውቃትም። ጽሑፏ ውስጥ ያለውን ሠንጠረዥ አንብቦ፣ ድርጅቱ የሚጠቀመውን የዝገት መከላከያ ኬሚካል መጠን እንደቀየረና ቧንቧው የሚፈተሽበትን ጊዜ እንዳራዘመ ጻፈ። አንድም ማሞካሻ ቃል የለውም። ልጅቷ መሐንዲሱን ያገኘችው እሱ ራሱ ስለ አንድ ቁጥር ሊጠይቃት ኢሜይል ስለጻፈላት ነው። እንዲህ ያለ ኢሜይል ሲመጣላችሁ አታጥፉት፤ ዛሬውኑ አንድ ፎልደር ክፈቱና አስቀምጡ። ዳታ የጠየቀ፣ ናሙና ላክልኝ ያለ፣ «እኛም ላብ ውስጥ ሞክረነው ሠራ» ያለ ሁሉ ይያዝ።

ስለ ደላሎቹ ዝም አልልም። ቴሌግራም ላይ «ስምዎን ፔፐር ላይ እናስገባለን»፣ «ሳይቴሽን እንጨምራለን» የሚሉ አሉ። ዋጋ ይጠራሉ፣ ለሁለተኛ ስም ይህን ያህል፣ ለመጀመሪያ ስም ይህን ያህል። እባካችሁ! ይህ ማጭበርበር ነው፤ ጽሑፉ ሲሰረዝ ስማችሁ ላይ ለዘለዓለም ይቀራል፣ በኢሚግሬሽን ፋይል ላይ ውሸት መገኘቱ ደግሞ ዕድሜ ልክ የሚያስከለክል ነገር ነው። በመከራ ማስተርሱን የጨረሰ ልጅ፣ አንድ የኤክስሬይ ዲፍራክሽን ምርመራ ለማስነሳት ናሙናውን ከከተማ ከተማ ይዞ የዞረ ልጅ፣ በእነዚህ ሰዎች ምክንያት ሥራው ሁሉ ሲጠረጠር ማየት ያማል።

ገንዘቡን በተመለከተ የአይ-140 ማስገቢያ 715 ዶላር ነው፣ ራሱ ለራሱ የሚያመለክት ሰው 300 ዶላር ይጨምራል። በ45 የሥራ ቀን መልስ የሚፈልግ ወደ 3 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ተጨማሪ ይከፍላል፤ ይህ ፍጥነትን እንጂ መጽደቅን አይገዛም። ጠበቃ ከያዛችሁ ብዙ ሺህ ዶላር ነው። ጠበቃ ጥሩ ነው፣ በተለይ የቪዛ ታሪካችሁ የተወሳሰበ ከሆነ። ግን ጠበቃው ማርቴንሳይት ምን እንደሆነ አያውቅም። ሥራው ለምን እንደሚያስፈልግ የሚገልጸውን ክፍል እናንተ ራሳችሁ ካልጻፋችሁት ከሌላ ደንበኛ ፋይል የተቀዳ ነገር ነው የሚሆነው።

የእኛ ሙያ ብቻ ያለበት ጣጣም አለ። ኤምባሲ ስትቀርቡ፣ ለተማሪ ቪዛም ቢሆን፣ ቆንስሉ «ምንድነው የምታጠናው?» ይላል። «ኮምፖዚት»፣ «ልዩ ቅይጥ ብረት» ስትሉ ለጦር መሣሪያ ሊውሉ የሚችሉ ሙያዎች ከተመዘገቡበት የጥንቃቄ ዝርዝር ጋር ይገጥማል፤ ለአውሮፕላን የሚሆነው ለሚሳይልም ይሆናላ። ያኔ 221 ጂ የሚባል ወረቀት ተሰጥቷችሁ ሲቪ፣ የጽሑፍ ዝርዝርና የምርምር ዕቅድ ላኩ ትባላላችሁ። ማጣራቱ ሳምንታትም ወራትም ሊፈጅ ይችላል። ውድቅ ተደረግኩ ብላችሁ አትደንግጡ። ሥራችሁን ሙያውን ለማያውቅ ሰው በሚገባ ቋንቋ የሚገልጽ አንድ ገጽ ቀድማችሁ አዘጋጁ፣ ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን።

ይኸው ጉዳይ ሥራ ፍለጋ ላይም ይከተላችኋል። በአሜሪካ ሕግ ቁጥጥር የሚደረግበትን ቴክኖሎጂ ለውጭ ዜጋ ማሳየት፣ እዚያው ላብ ውስጥም ቢሆን፣ ወደ ሀገሩ እንደመላክ ይቆጠራል። ስለዚህ የተርባይን ቅይጥ፣ የጠፈር ኮምፖዚት፣ የመከላከያ ሥራ ያላቸው ድርጅቶች ማስታወቂያቸው ላይ «ዩኤስ ፐርሰን» ይላሉ። ብዙ ልጆች ይህን ዜግነት ማለት ነው ብለው ሳያመለክቱ ያልፉታል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በዚህ ሕግ «ዩኤስ ፐርሰን» ነው። ዜግነት የግድ የሚጠይቀው የምስጢር ፈቃድ የሚያስፈልገው ሥራ ነው። ለእኛ ሙያ ግሪን ካርድ ከመኖሪያ ፈቃድ በላይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ የምትገቡበትን ላብ ይወስናል።

በተማሪ ቪዛ (ኤፍ-1) ያላችሁ፣ አይ-140 ካስገባችሁ በኋላ ቪዛ ለማደስ አዲስ አበባ መሄድ አደጋ አለው። የቪዛ ማመልከቻ ፎርሙ (ዲኤስ-160) ላይ የኢሚግራንት ማመልከቻ ገብቶልህ ያውቃል ወይ የሚል ጥያቄ አለ፣ መልሱ አዎ ነው፣ የተማሪ ቪዛ ደግሞ ተመላሽ መሆንን ይጠይቃል። ሠርግ ወይም ልቅሶ ሊኖር ይችላል፣ ይገባኛል፤ ከማስገባታችሁ በፊት ግን ይህን አስቡበት። በፉልብራይት ወይም በሌላ የመንግሥት ገንዘብ በልውውጥ ቪዛ (ጄ-1) የመጣችሁ ደግሞ ሁለት ዓመት ሀገር ቤት የመቆየት ግዴታ አለባችሁ። ኤን አይ ደብሊው ይህን አያነሳውም። አይ-140 ይጸድቅላችኋል፣ ግሪን ካርዱ ላይ ስትደርሱ ግን ያግዳችኋል። በዕጣ የሚሰጠውን የሥራ ቪዛ፣ ኤች-1ቢን፣ እጠብቃለሁ ለሚሉ፣ ዩኒቨርሲቲዎች ከዕጣው ውጭ ናቸው፣ ከሴፕቴምበር 2025 ወዲህ ግን ከውጭ ሀገር ለሚመጣ አዲስ ሰው 100 ሺህ ዶላር ክፈሉ የሚል አዋጅ ወጥቷል።

አሜሪካ ብቻ አይደለም ያለው። እንግሊዝ ከፌብሩዋሪ 2020 ጀምሮ ግሎባል ታለንት የሚባል ቪዛ አላት፣ ለእኛ ሙያ የሮያል ኢንጂነሪንግ አካዳሚው ወይም ሮያል ሶሳይቲ ነው የሚያየው፣ ቀጣሪ አይጠይቅም። ጀርመን ደግሞ ቀጣሪ ካለ በጣም ቀና ናት፤ ፍራውንሆፈርና ማክስ ፕላንክ በሚባሉት የምርምር ድርጅቶች ውስጥ የማቴሪያል ተቋማት ሞልተዋል፣ ለተመራማሪ የተለየ የመኖሪያ ፈቃድ አለ። ዱሰልዶርፍ ስለ ብረት የሚያጠና የማክስ ፕላንክ ተቋም የነበረባት ከተማ ናት፤ አሁን ስሙን ወደ ዘላቂ ማቴሪያሎች ቀይሯል። በዳድ ስኮላርሺፕ ጀርመን የደረሳችሁ እዚያው ያለውን በር ሳታንኳኩ አሜሪካ አሜሪካ አትበሉ።

አንዳንዴ «በዚህ ሙያ ከእኛ ማን አለ?» ትሉኛላችሁ። ሶስና ኃይሌ አለች። አዲስ አበባ የተወለደች፣ ዛሬ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የማቴሪያል ሳይንስ ፕሮፌሰር፤ ለነዳጅ ሴል የሚሆኑ ጠጣር አሲዶችን ለዓለም ያሳየች። እሷ ግን የመጣችው በልጅነቷ ነው፣ የግዕዝ ሊቁ አባቷ ጌታቸው ኃይሌ በደርግ ጊዜ በጥይት ተመትተው ቤተሰቡ ሲሰደድ። እኛ ደግሞ ትምህርታችንን ሀገር ቤት ጀምረን፣ ዲግሪያችንን ይዘን፣ በራሳችን ማመልከቻ የምንመጣ ነን። መንገዱን በአማርኛ የጻፈልን ሰው ብዙ ስለሌለ ነው እኔም የምለፈልፈው።

የመጨረሻው ነገር ሀገር ቤት ያለው ወረቀት ነው። ዲግሪያችሁን እዚህ ለማስገምገም ኦፊሻል ትራንስክሪፕት በቀጥታ ከዩኒቨርሲቲው መላክ አለበት፣ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ኮስት ሼሪንግ ሳይከፈል አይልክም። ሄዶ የሚከፍል፣ ሬጅስትራር ጋ የሚመላለስ ሰው አስቀድማችሁ ያዙ፤ ወንድም ወይም የድሮ የክፍል ጓደኛ።

መምህር ሆናችሁ ለትምህርት የወጣችሁ ደግሞ ውል ፈርማችኋል። ተመልሼ አገለግላለሁ ብላችኋል፣ ዋስም አስፈርማችኋል። ዋሱ ብዙ ጊዜ ያው ደመወዝተኛ ነው፣ የሥራ ባልደረባ ወይም አጎት። እናንተ ስትቀሩ የሚጠየቀው እሱ ነው። ደመወዙ የሚቆረጥበት፣ ፍርድ ቤት የሚጠራ ሰው አውቃለሁ፤ ጥፋቱ ለሰው መፈረሙ ብቻ ነው። ይሄ ነውር ነው፣ በግልጽ ልናገረው። መቅረት መብታችሁ ነው፣ ዕዳውን ሰው ላይ ጥሎ መቅረት ግን አይደለም። አንድ ወዳጄ ፖስትዶክ ሲጀምር ዩኒቨርሲቲው የሰው ሀብት ክፍል ጋ ኢሜይል ጽፎ የሚፈለግበትን ገንዘብ በጽሑፍ አሳወቁት፣ ከዚያ በወንድሙ ውክልና በየወሩ እያስገባ ጨረሰ። ክሊራንሱን ሲያገኝ ዋሱ ነጻ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤም ጠየቀ፣ ሰጡት። ውክልናውን ያደረገው ዋሽንግተን ባለው ኤምባሲያችን በኩል ነው። ክፍያውን ከመጀመራችሁ በፊት ስሌቱን በጽሑፍ ተቀበሉ፣ እያንዳንዱን ደረሰኝ ስካን አድርጋችሁ ያዙ፣ አንድ ኮፒ ለዋሳችሁ ላኩለት።